ወላሂ ያልኩበት ኤክስአር

ከመደርደሪያዬ ሁለተኛ ረድፍ ላይ ሦስት አይፎን ኤክስአር አለ። አንድ ቀይ፣ አንድ ጥቁር፣ አንድ ኮራል። ዘጠኝ ነበሩ። ጠዋት ሱቅ ስከፍት ቀድሜ የምወለውለው እነሱን ነው። ከሌላው የበለጠ አቧራ ይዟቸው አይደለም፤ ዓይኔ እዚያ ስለሚሄድ ነው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ አይቶኝ "ጋሼ፣ እስካሁን አልወጣልህም?" ይለኛል።

አልወጣልኝም።

ነገሩ የጀመረው ግን በአይፎን 6ኤስ ነው። ጥር 2013። ደሴ ፒያሳ፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ስልክ የሚሸጥ ጎረቤት አለኝ። ስሙን አልጠራም፤ ከተማዋ ትንሽ ናት። አንድ ቀን ቡና ላይ ስልኩን አውጥቶ አስነበበኝ። በመስከረም የሚመጣው 15ኛው አይኦኤስ፣ አይፎን የሚሠራበት ሶፍትዌር ማለት ነው፣ 6ኤስን አይቀበልም ይላል። ወሬው በየቦታው ተጽፏል። ደግሞ ያሳምናል። 6ኤስ የወጣው በፈረንጆቹ 2015 ነው። ከ9ኛው አይኦኤስ ጋር መጥቶ 14ኛውን ይዟል። በስልክ ዕድሜ ሽማግሌ ነው።

እኔ ጋ ያኔ 12 6ኤስ ነበር። ሁሉም ዩዝድ፣ ከመርካቶ በጅምላ የመጡ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴ መጣ። አዘነልኝ። "ከሚቀሩብህ እኔው ልውሰዳቸው" አለ። ወሰዳቸው። በገዛሁበት ዋጋ እንኳ አይደለም። አመስግኜዋለሁ፤ ይህን ሳስታውስ ነው የሚብስብኝ።

ግንቦት 30 አፕል 15ኛውን አስተዋወቀ። ዝርዝሩን አየሁ። 6ኤስ አለ። የመጀመሪያው ኤስኢ፣ ትንሹ አይፎን፣ እንኳ አለ። 6ኤስ የተሰናበተው በ16ኛው ነው፣ በዓመቱ። ወሬው አንድ ዓመት ቸኩሎ ነበር ማለት ነው። በእኛ ንግድ አንድ ዓመት የቸኮለ ወሬ ውሸት ነው። ጎረቤቴ ያንን ክረምት 12ቱንም ሸጦ ጨረሰ። "15ን ይቀበላል" እያለ ነው የሸጣቸው፤ በመስታወቴ በኩል ይሰማኛል።

ባለቤቴ ይህን ታሪክ ሳነሳ አትወድም። በ2014 መግቢያ ላይ የሆነውን የደሴ ሰው ያውቀዋል። ወጥተን ስንመለስ ሱቄ ውስጥ የቀረው መደርደሪያው ብቻ ነበር። "ባትሸጣቸው ኖሮ ከሌላው ጋር አብረው አይሄዱም ነበር?" ትለኛለች። ልክ ናት። ልክነቷ ግን አይጠግነኝም።

ከዚያ ወዲህ ወሬ አላምንም አልኩ። ምክንያትም አላጣሁም። ሳምሰንግ የያዙት ደንበኞቼ በሳምሰንጉ ሶፍትዌር፣ በዋን ዩአይ 7፣ ስንት ጊዜ ተንገላቱ። በ2016 ክረምት የሙከራው ይመጣል ተባለ፤ የመጣው ኅዳር 26 ቀን 2017 ነው። ዋናው ለጋላክሲ ኤስ24 መለቀቅ የጀመረው መጋቢት 29 ላይ ነው። አንድ ልጅ በየቅዳሜው እየመጣ "መጣ?" ይለኝ ነበር፤ መብራት የጠፋበት ሰው ጎረቤቱን እንደሚጠይቅ። እኔም "አልመጣም" ስል ደስ ይለኝ ነበር። የማያምን ሰው ብዙውን ቀን ልክ ይሆናል፤ ያ ደግሞ ያሰክራል።

ግንቦት 2017 ላይ ነው እንግዲህ ጎረቤቴ ደግሞ የመጣው። ቡናው በረካ ላይ ደርሷል። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል፤ ገበያ የለም። ወሬ የሚወራበት ቀን ነው።

"ወንድሜ፣ ኤክስአር እንዳትገዛ" አለኝ።

"ለምን?"

"19ኛው አይኦኤስ አይቀበለውም። ኤክስኤስንም አይቀበልም።"

ሲኒዬን አስቀመጥኩ።

"አንተ ጋ ስንት ኤክስአር አለ?"

"የለኝም። ሸጥኩት።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"አሁን እኔ እንዳልገዛ ትፈልጋለህ።"

"እንዳትከስር ብዬ ነው። ወላሂ!"

ወሎ ውስጥ ወላሂ ለማለት እስላም መሆን አያስፈልግም። እኔ ማርያምን ጠርቼ ሳልጨርስ ወላሂ ያመልጠኛል። ስለዚህ መሐላው ብዙም አልመዘነብኝም። የመዘነብኝ ሌላ ነው። ይኼ ሰውዬ የእሱን ሸጧል። እኔ ካልገዛሁ አካባቢው ላይ ኤክስአር የለም። ዋጋው ሲወርድ እሱ በርካሽ ይሰበስባል፤ በክረምቱ "ይቀበላል" እያለ ይሸጣል። በ6ኤስ ያየሁት ፊልም ነው። ሒሳቡን እዚያው፣ በረካው ሳይደርሰኝ ሠራሁት። እንዲያውም አዘንኩለት፤ አንድን ተንኮል ሁለት ጊዜ ይሠራል?

ለነገሩ ወሬው አንድ አልነበረም። ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ አካባቢ፣ 18ን የሚይዝ ስልክ ሁሉ 19ንም ይይዛል የሚል ወሬ ወጥቶ ነበር። ያንን አምኜዋለሁ። ወሬ አላምንም ስል የነበርኩት ሰውዬ ማለት ነው።

በማግስቱ አዲስ አበባ ደወልኩና ዘጠኝ ኤክስአር አዘዝኩ። ብሩ በገበያ ይተመን ከተባለ ወዲህ ከጅምላ ነጋዴ ጋር በአንድ ስልክ ላይ ግማሽ ቀን ነው የምንከራከረው። ያን ቀን በሦስት ደቂቃ ተስማማልኝ። ደስ አለኝ። ቶሎ መስማማቱ ሊያስደነግጠኝ ሲገባ ደስ አለኝ።

ዕቃው በገባ በሳምንቱ አንድ መምህር መጡ። የቆዩ ደንበኛዬ ናቸው። ነጩን ኤክስአር አገላብጠው አዩት። የባትሪው ጤንነት 86 በመቶ ነው፣ ፌስ አይዲው ይሠራል፣ ስክሪኑ አልተነካም። ወደዱት።

"ይኼ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣውን ይቀበላል?"

"ይቀበላል።"

"ተማሪዎቼ አይቀበልም ይላሉ።"

"ወሬ ነው መምህር። ወላሂ ይቀበላል።"

ጎረቤቴ ከመንገዱ ማዶ በር ላይ ተደግፎ ያየኛል። ድምፄን ትንሽ ከፍ ሳላደርግ አልቀረሁም።

ግንቦት 20 ላይ ደግሞ አምላክ የላከልኝ የሚመስል ዜና መጣ። የብሉምበርጉ ማርክ ጉርማን፣ በአፕል ወሬ ሰው ሁሉ የሚያነበው፣ 19 የሚባል አይኦኤስ አይኖርም ብሎ ጻፈ። ከ18 ተነሥተው 26 ላይ ያርፋሉ፤ ቁጥሩ በፈረንጆቹ ዓመት ይሆናል። ስልኬን ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ።

"19ህ ቀረች እኮ!"

አነበበው። "ስሙ ነው የተቀየረው" አለ።

"ስሙን ያላወቀ ዝርዝሩን ያውቃል?"

ጎረቤቴ ዝም አለ። ሁለት ደንበኞች ነበሩ፣ ሳቁ። ክርክር ይኼን ያህል ሲያምርልኝ በሕይወቴ ሦስት ጊዜ አይሆንም። እስከ ማታ ለራሴ ደጋገምኩት። ስሙን ያላወቀ ዝርዝሩን ያውቃል?

ያውቃል። ለካ ያውቃል።

ሰኔ 2 ሰኞ ዋለ። ሰኞ ገበያ ነው፣ ከገጠር የሚገባው ሰው ብዛት ሌላ ነው፣ ደክሞናል። አፕል አዲሱን አይኦኤስ የሚያስተዋውቅበት ዝግጅት በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ሱቁን ዘግተን እኔና ልጁ በአንድ ስልክ እናያለን። ጉርማን እንዳለው ሆነ፤ 26 አሉት። ቁልፉ፣ ምልክቱ፣ ማሳወቂያው ሁሉ እንደ መስታወት ሆኗል። ሊኩዊድ ግላስ ይሉታል። ልጁ "ጋሼ፣ ያምራል" እያለ ነው። እኔ መስታወቱ ምኔ ነው? የትኛው ስልክ እንደሚይዘው መድረክ ላይ አይናገሩም፤ ዝርዝሩን ለብቻ ነው የሚያወጡት። አለቀ፣ ፈለግን፣ አገኘን።

አይፎን 11 እና ከዚያ በላይ።

ገጹ በትክክል ያልተከፈተ መስሎኝ ደግሜ ከፈትኩት። ልጁ በጣቱ እየወረደ "11... ኤስኢ ሁለተኛው... 12..." ይላል። ኤክስአር የለም። ኤክስኤስ የለም። ያናደደኝ ደግሞ ሌላ ነው። ኤክስአር ውስጥ ያለው ቺፕ፣ የስልኩ አንጎል፣ ኤ12 ነው። ያው ኤ12 ያለው 8ኛው አይፓድ የአይፓዱን 26፣ አይፓድኦኤስ 26ን፣ ይቀበላል። ሁለተኛው ኤስኢ በመጠን ከኤክስአር ያንሳል፣ ግን ኤ13 ስላለው ገባ። ይህንን ለልጁ ሩብ ሰዓት ያህል አስረዳሁት። "ታዲያ ለአፕል ንገራቸዋ" አለኝ።

ወደ ቤት ስሄድ የጎረቤቴ ሱቅ ውስጥ መብራት ነበር። በሌላኛው ጠርዝ ነው የሄድኩት።

መስከረም 5 ቀን 2018 26ኛው ተለቀቀ። በሳምንቱ መምህሩ መጡ። አልተቆጡም። ስልኩን መስታወቱ ላይ አስቀምጠው ሴቲንግ ውስጥ ገቡና አሳዩኝ። 18.7 ይላል።

"ተማሪዎቼ ልክ ነበሩ" አሉ።

"አዎ መምህር።"

"እነሱስ አንብበው ነው። አንተ ከየት ሰማህ?"

ይህችን ጥያቄ እስከ ዛሬ እያመነዠኳት ነው። ከየት ሰማሁ? ከጎረቤቴ የሰማሁት ተቃራኒውን ነው። በታኅሣሥ ያነበብኩትን ወሬ ልጠራ አፌን ከፈትኩ፤ አፈርኩ። ኤክስአር ይቀበላል ብሎ ለእሳቸው የማለላቸው ሰው በዓለም ላይ አንድ ነበር።

"ከማንም አልሰማሁም" አልኩ።

"ታዲያ ወላሂ ያልከው?"

ዝም አልኩ። ከዚያ ያለኝን ሁሉ ደረደርኩ። 18.7 ራሱ የጥገና ነው፣ ከ26 ጋር በአንድ ቀን ነው የመጣው፤ ስልኩን ጨርሰው አልጣሉትም። ቴሌግራሙ ይሠራል። ቴሌብሩ ይሠራል። ካሜራው ያው ነው። የቀረብዎ መስታወቱ ነው። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው፤ እያንዳንዱን ቃል ስናገር ግን የሚያሾልክ ደላላ ድምፅ ነው ከአፌ የሚወጣው።

ሰሙኝ፣ ጨረስኩ።

"ይኼን ያኔ ብትነግረኝ እኮ እገዛው ነበር" አሉ።

በ11 ልለውጥልዎ፣ ልዩነቱን በግማሽ አልኩ። እምቢ አሉ። ከለመድኩት ልቆይ አሉ። ስክሪን ፕሮቴክተር ለጠፍኩላቸው፣ ከቨር ጨመርኩ። ሲወጡ አመሰገኑኝ። ከዚያ ወዲህ ግን መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታቸው ተቀይሯል። "ወላሂ ደህና ነህ?" ይሉኛል። ሰው አጠገባችን ካለ ደግሞ ጮክ ብለው።

ከዘጠኙ ስድስቱ ተሸጡ። ከመምህሩ ወዲህ እያንዳንዱን ስሸጥ "26ን አይቀበልም" እላለሁ፣ ሳይጠይቁኝ። አብዛኛው ሰው "እሱ ምንድነው?" ይለኛል። አንዲት እናት ለልጃቸው ሲገዙ ሁሉንም አዳምጠውኝ "ታዲያ ያወራል?" አሉኝ። ያወራል እማማ አልኩ። ብሩን ቆጠሩ።

ጎረቤቴ "ብዬህ አልነበር?" ብሎኝ አያውቅም። አንድ ቀን እንኳ። ቢለኝ ይቀለኝ ነበር። የ6ኤሱን አነሣበትና እኩል እንሆን ነበር። ደግሞ ሳስበው በ2013 እሱ ራሱ ወሬውን አምኖ ይሆን? አምኖ ከነበረ ለምን ገዛቸው? ይህንን ልጠይቀው አስብና ቡናው ያልቃል።

ባለፈው ሰሞን እንደገና ጉም ወርዶ ገበያው ጭር አለ። ሲኒውን ይዞ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

"ስለ 11 የሰማኸው ነገር አለ?"

"መጀመሪያ አንተ ጋ ስንት 11 እንዳለ ንገረኝ" አልኩት።

ሳቀ። አልነገረኝም። እኔም መደርደሪያዬ የሚታይበትን በር በእግሬ ገፋ አደረግኩት።