አራት ክር ወይስ አምስት? ለጠየቃችሁኝ የጅማ ልጆች

«አጎቴ፣ ባለ አምስት ክሩን ለምን አላመጣህልኝም?»

የእህቴ ልጅ ነው። ያመጣሁለትን ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ገና ከቦርሳው ሲያወጣ። አመስግኗል፣ አቅፎ ስሞኛልም። ግን ክሮቹን ከቆጠረ በኋላ ፊቱ ቀዝቀዝ አለ።

ነገሩ እዚያ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ማታ እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ከድሮ ጓደኞቼ ጋር ተቀምጠን እነሱም ያንኑ አነሱ። «አሜሪካ ሆነህ አራት ክር?» አለ አንዱ። ሌላው «እዚያ እኮ እንዲህ ያለውን ደጅ ላይ አውጥተው ነው የሚጥሉት» አለ። ሦስተኛው ግን ነካኝ። «ፎቶህን አይቻለሁ፣ አንተ የምትጫወተው በአምስት ነው። ለራስህ አምስት፣ ለልጁ አራት?»

ደጅ ላይ የተጣለ ቤዝ አላገኘሁም። ያገኘ ሰውም አላውቅም። የልጁን ቤዝ ከሌላ ሙዚቀኛ እጅ ነው የገዛሁት። ብሩን ያጠራቀምኩት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተጨማሪ የሌሊት ሺፍት ገብቼ ነው። ይህንን ለጓደኞቼ ስነግራቸው የተሳቀቁ መሰሉ፣ ስለዚህ እዚያ ላይ አልቆይም። ስለ አራትና አምስቱ ግን በደንብ መናገር እፈልጋለሁ። እኔ አምስት ክር የያዝኩበት ምክንያት እናንተ እንደምታስቡት አይደለም።

ከጅማ ስወጣ የነበረኝ ባለ አራት ክር ነው። በእሱ ሰርግ ሠርቻለሁ፣ የሆቴል ባንድ ሠርቻለሁ፣ ከመንደራ እስከ ጅሬን ድረስ ሰው አስጨፍሬያለሁ። ማንም ክሬን ቆጥሮብኝ አያውቅም። አሜሪካ ዋሽንግተን አካባቢ ስደርስም በቅዳሜና እሑድ ማታ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ውስጥ መጫወት ጀመርኩ። ቀን ሥራ፣ ማታ ሙዚቃ። እንደዚያ ነው የሁሉም ኑሮ።

አንድ ቅዳሜ አዲስ ቤት ጠሩኝ። ከሥራ ቀጥታ ሄድኩ፣ ልብሴን መኪና ውስጥ ቀየርኩ። ኪቦርዲስቱ ቤዜን አየና «አራት ነው እንዴ?» አለኝ። «ዘፋኙ እኮ በጣም ዝቅ አድርጎ ነው የሚዘፍነው።» «ችግር የለም፣ እስማማለሁ» አልኩት። ሳውንድ ማኑ ገመዴን ሰካልኝ። ከኋላዬ ትንሽ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ነበረች፣ ድምፄን የምሰማው ከእሷ ነው። ጀመርን።

ችክችካው ሲገባ ቤቱ ተነሳ። እስክስታው፣ ጭብጨባው፣ ሽልማቱ ቀለጠ። እኔም ላቤ እስኪንጠባጠብ ተጫወትኩ። ከድራመሩ ጋር ዓይን ለዓይን እየተያየን፣ ልክ ጅማ እንደነበርኩበት ጊዜ። ሰው የሚጨፍረው በእኔ ቤዝ መስሎኝ ደስ ብሎኛል።

ለእረፍት ስንወርድ አዳራሹ ውስጥ የነበረ አንድ የሰፈሬ ልጅ ጠጋ አለኝና «ዛሬ ምነው? ጣትህ ይሄዳል፣ ድምፅህ የለም» አለኝ። የሁላችንም ድምፅ ወደሚስተካከልበት ሚክሰር ሄድኩ። የእኔ መስመር ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ ተዘግቷል። ቤዙን ኪቦርዲስቱ በግራ እጁ ሲጫወተው ነው ያመሸው። ሳውንድ ማኑን ጠየቅኩት። አላፈረም። «አለቃ ነው ያዘዘኝ። ወፍራሟ ድምፅ ካንተ አትወጣም። አንተ ለመልክ ቁም፣ ባንዱ ሙሉ ሲመስል ሰው ይወዳል» አለኝ።

ለመልክ! ሙዚቃ ያሳደገኝን ሰው፣ እንደ ግድግዳ ሥዕል።

ሲዘጋ ብሩን ሙሉ ከፈሉኝ። ብሩ ባይከፈለኝ ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ የምጣላበት ነገር አገኝ ነበር። ፈረንጅ ቢሆን በኢሜይል «ለዚህ ሥራ አንፈልግህም» ብሎ በሁለት መስመር ይገላግልሃል። ቅዝቃዜው ያስጠላል፣ ሰላምታ እንኳን የለውም። ግን ታውቀዋለህ። የእኛ ሰው ደግሞ ይሉኝታ ይዞት ፊት ለፊት አይነግርህም። እራት ያበላሃል፣ «ወንድሜ» ይልሃል፣ ከዚያ ከኋላ ድምፅህን ያጠፋዋል። ሁለቱንም አይቻለሁ፣ የኛው ነው የበለጠ ያመመኝ።

አሁን ኪቦርዲስቱ ምን ማለቱ እንደነበር ላስረዳ። የቤዝ ጊታር አራቱ ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ተብለው ይቃኛሉ። ባዶው ኢ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። ቅኝቱን ካልቀየርክ ከዚያ በታች መውረድ የለም። ዘፋኙ «ዝቅ አድርጉልኝ» ሲል ኪቦርዲስቱ ትራንስፖዝ የሚለውን ቁልፍ ይጫንና ዘፈኑ ኢ ፍላት ወይም ዲ ላይ ይወርዳል። ባለ አራት ክር የያዘ ሰው ያኔ መነሻውን ኖታ ከላይ፣ ኤ ክር ላይ መያዝ አለበት። ኖታው ልክ ነው፣ ግን አንድ ኦክታቭ ይቀጥናል፣ ማለትም ያው ኖታ በእጥፍ ፍጥነት ይርገበገባል። ባለ አምስቱ ከኢ በታች ቢ የሚባል ክር አለው፣ በሰከንድ 31 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ። ሦስተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ወፍራሙን ዲ፣ አራተኛው ላይ ኢ ፍላቱን ታገኛለህ። ልዩነቱ ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ ምስጢር የለውም።

የገረመኝ ነገር ታሪኩን ሳጣራ ያገኘሁት ነው። አሜሪካዊው ጊታር ሠሪ ሊዮ ፌንደር ፕሪሲዥን የሚባለውን ቤዝ ያወጣው በፈረንጆቹ 1951 ነው፣ አራት ክር ያለው፣ በትልቁ ቆሞ በሚጫወቱት ቤዝ ቅኝት። በ1965 ፌንደር ራሱ ባለ አምስት ክር አወጣ። የተጨመረው ክር ግን ወፍራም ሳይሆን ቀጭን ነበር፣ ሰውም ብዙ አልወደደውም። ወፍራሙ ቢ ክር በደንብ የተስፋፋው በ1980ዎቹ ነው። አንዱ ትልቅ ምክንያት ኪቦርድ ነው! ሲንተሳይዘር ከኢ በታች እየወረደ የቤዝ ተጫዋቹን ቦታ ሲይዝ፣ ቤዚስቶቹም ተከትለውት ለመውረድ አምስተኛውን ክር ፈለጉ። ሚዩዚክ ማን የሚባለው ድርጅት የታወቀውን ባለ አምስት ክር ስቲንግሬይ ያወጣው በ1987 ነው። ይህንን ሳነብ የእኔ ማታ ትዝ አለኝ። ለካ በአሜሪካኖቹም ላይ ደርሶባቸዋል።

ከዚያ ወዲያ ባለ አምስት ክር ፍለጋ ገባሁ። የፈረንጅ የሙዚቃ ዕቃ መደብር ደስ ይላል፣ ልዋሽ አልችልም። ግድግዳው ሙሉ ጊታር ነው። የወደድከውን አውርደህ፣ አምፕ ላይ ሰክተህ የፈለግከውን ያህል ትጫወታለህ። እኛ ጋ ደግሞ ዕቃው መስታወት ውስጥ ሆኖ «ካልገዛህ አትንካ» ነው። ግን እዚያ ማንም ና ቡና ጠጣ አይልህም። አንዱ ሻጭ ብቻ ከየት እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ጅማ ስለው «የሙላቱ አስታጥቄ አገር!» ብሎ ጮኸ። ሙላቱ በፈረንጆቹ 1943 ጅማ እንደተወለደ ያውቃል። ኩራቴን መግለጽ አልችልም፣ ያን ቀን ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ። ከዚያ ችክችካ ተጫወትኩለት። እንዴት አድርጎ እንደሚያጨበጭብ ጠፋው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ እያጨበጨበ ከድራሙ ተለያየ። እኛ ጋ ያለ ሕፃን የሚያውቀውን።

ገዛሁ። አሁን ጓደኞቼ ያላዩትን ልንገራችሁ፣ ፎቶ ላይ አይታይምና።

አንደኛ፣ አንገቱ ሰፊ ነው። በባለ አራቱ ላይ ክሮቹ ከታች የሚያርፉበት ድልድይ ጋ በክርና በክር መካከል ብዙ ጊዜ 19 ሚሊ ሜትር አለ። በብዙ ባለ አምስቶች ላይ ከዚያ ይጠባል። አንገቱ ሰፍቶ ክሮቹ ይቀራረባሉ፣ ሁለቱም እጆችህ እንደገና ይማራሉ። ቢ ክር ደግሞ ዝም አይልም። ኤ ላይ ስትጫወት እሱ ከታች ብቻውን ያጉረመርማል። በአውራ ጣት ማፈን መልመድ አለብህ። ይህንን ያላወቀ ሰው መድረክ ላይ የሚያወጣው ድምፅ ጭቃ ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበው የቤዙ ጥራት ነው። ኢ ክር ብዙ ጊዜ 2.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው፣ ቢ ደግሞ 3.3 ይደርሳል። ብዙ ቤዞች የክራቸው ርዝመት 34 ኢንች ነው፣ 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ። በደንብ ባልተሠራ ርካሽ ቤዝ ላይ ቢ ክር በዚህ ርዝመት ይላላል፣ እንደ ላስቲክ ይወዛወዛል። አንዳንድ ሠሪዎች ለዚህ ብለው 35 ኢንች ያደርጉታል። ጥሩ ባለ አራት በሚገዛበት ብር መጥፎ ባለ አምስት ነው የሚገኘው። ይህንን ጅማ ያለ ልጅ ሁሉ እንዲሰማኝ እፈልጋለሁ።

ቤት ውስጥ መለማመድም ሌላ ጣጣ ነው። ወፍራም ድምፅ ግድግዳ አይገታውም። ከታች ያለው ጎረቤቴ በሬን አንኳኩቶ አያውቅም፣ ደብዳቤ ነው ለአከራዩ የጻፈብኝ። ጅማ ብለማመድ ጎረቤት ወንበር ይዞ ይመጣ ነበር፣ የዘፈን ምርጫም ያዝ ነበር። አሁን የምለማመደው በጆሮ ማዳመጫ ነው።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። እሱ የሚጫወተው ቸርች ውስጥ ነው፣ ከመዘምራን ጋር። መዝሙሮቹ ኢ ፍላትና ዲ ላይ እንደሚበዙ ነገረኝ። ስለዚህ የጠየቀው ለጉራ አይደለም፣ ጆሮው ነው የጠየቀው። ይህ ደስ አሰኝቶኛል። ሄጄ ዕቃቸውን አየሁ። ስፒከሮቹ ለድምፅ የተሠሩ ትናንሾች ናቸው። እንኳን በሰከንድ 31 ጊዜ የሚርገበገበውን፣ ባዶውን ኢ በቅጡ አያወጡም። ቢ ክር እዚያ ላይ ቢመታ ጉርርታ ብቻ ይሰማል፣ ስፒከሩንም ሊጎዳ ይችላል። የሚሰማው ጣቱ ጋ ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሚያወጣውን ጉምጉምታ ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ።

እናም መፍትሔ አደረግንለት። ከባለ አምስት ክር ፓኬት ቀጭኑን ጂ አስቀርተን አራቱን ወፍራሞች፣ ቢ ኢ ኤ ዲ፣ በባለ አራቱ ቤዝ ላይ ገጠምን። ክሩ አንገቱ ጫፍ ላይ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ስለሚጠብ በሞረድ ቀስ ብሎ ማስፋት ያስፈልጋል። ጅማ እንዲህ ያለ እጅ ሞልቷል። በርጩማ ቀርፀው ለዓለም ያሳዩ ሰዎች አገር ነው። አንድ የእንጨት ባለሙያ ትንሿን ሞረድ ይዞ እንደ ጌጥ ሠራው። አንገቱንም በቁልፉ አስተካከልነው። ላይኛው ቀጭን ድምፅ ቀነሰበት፣ ለመዝሙሩ ግን ብዙም አያስፈልገውም። ትልቅ ስፒከር ሲያገኙ ወፍራሙን ዲ ይሰማዋል፣ እስከዚያ ደግሞ ጣቱ ቦታውን ይለምዳል። መቸኮል ለማይፈልግ ደግሞ ኢ ክርን ወደ ዲ አውርዶ መቃኘትም አለ፣ ምንም ብር አያስወጣም። ጣቱን በዚያ ክር ላይ ብቻ ሁለት ፍሬት ወደ ላይ መግፋት ነው።

ጓደኞቼ «ክር ሲበዛ ደረጃ ይጨምራል» ሲሉኝ አልተቀበልኳቸውም። ማሲንቆ አንድ ክር ነው ያለው። በዚያ አንድ ክር ትዝታን ሲያለቅሱት፣ ሰውን ሲሰድቡትና ሲያሞግሱት ኖረዋል። በገና አሥር አለው፣ ክራር ስድስት፣ ማንም በቁጥር አያበላልጣቸውም። የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮን የመሰሉ ቤዚስቶች ስማቸውን የተከሉት በጨዋታቸው ነው።

አሁን ደግሞ «እኔም ሙዚቀኛ ነኝ፣ እወጣለሁ» ለምትሉኝ። ብዙ ናችሁ፣ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝን ሁሉ አንብቤያለሁ። እዚያ መጀመሪያ የሚጠየቀው የክር ቁጥር አይደለም። ወረቀት አለህ ወይ፣ መኪና አለህ ወይ፣ ቅዳሜ ማታ ከሥራ ትወጣለህ ወይ ነው። ሙዚቃ ብቻውን የቤት ኪራይ የሚከፍልላቸው ሐበሻ ሙዚቀኞች የማውቃቸው ጥቂት ናቸው። ብዙዎቹ ምሽቶች አንድ ኪቦርድና አንድ ዘፋኝ ናቸው፣ ቤዙም ድራሙም ከኪቦርዱ ይወጣል። እዚህ የሆቴል ባንድ ውስጥ ቦታ ያለህ ልጅ፣ ይህንን አውቀህ ወስን። ጅማ ላይ ሰው ስምህን ጠርቶ «ቤዙን ከፍ አድርገው» የሚልህ እዚያ ላይኖር ይችላል።

ከወጣህ ግን ሥራ ሲጠሩህ በስልክ ሦስት ነገር ጠይቅ። ዘፋኙ በምን ኬይ፣ ማለትም በየትኛው መነሻ ኖታ ነው የሚዘፍነው? ኪቦርዱ በግራ እጁ ቤዝ ይጫወታል ወይ? የእኔ መስመር በአዳራሹ ስፒከር ላይ ይወጣል ወይ? ሦስተኛውን ስትጠይቅ ሊያኮርፉህ ይችላሉ፣ ያኩርፉ። ስትደርስ ደግሞ ከመጀመሪያው ዘፈን በፊት አንድ ሰው አዳራሹ መጨረሻ ላይ አቁምና ባዶውን ኢ ምታ። እጁን ካላነሳ አትጀምር።