ብርሃን የማያስገባው መስኮት

ቤቱ ያለው እንግሊዝ ውስጥ፣ ደርቢሻየር ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራ የመኳንንት መኖሪያ ነበር፤ ዛሬ ሆቴል ሆኗል። እኛ የሄድነው የማሞቂያ ቧንቧ ልንዘረጋ ነው። አንዱ ቧንቧ የሚያልፈው ላይኛው ፎቅ ባለ መኝታ ክፍል በኩል ሲሆን፣ ፕላኑ ላይ በቀይ ተሠምሮ "የተደፈነ መስኮት፣ ስስ ግድግዳ" ተብሎ ተጽፎበታል። የቅርስ ፈቃዱም የተገኘው በዚሁ ፕላን ነው።

ፎርማናችን ምክንያቱን በልበ ሙሉነት ነገረን። እንግሊዝ ውስጥ ከ1696 እስከ 1851 የመስኮት ግብር ነበረ፤ ብዙ ሰው ግብሩን ለመሸሽ መስኮቱን አስደፍኗል። ይህ እውነት ነው። ችግሩ፣ ታሪኩ ስለሚጣፍጥ እዚህ አገር ዝግ መስኮት በታየ ቁጥር ሁሉም የሚያነሳው እሱኑ ብቻ መሆኑ ነው።

ድሪሉን አዘጋጅቼ ልጀምር ስል፣ ለድንጋይ ጥገና የመጡ አንድ አንጋፋ ግንበኛ "ቆይ እስቲ" አሉኝ። ከግድግዳው የእንጨት ልባስ አንዷን ጣውላ አስነስተው በባትሪ አዩ። መስኮት ኋላ ላይ ሲደፈን በግራና በቀኙ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ መጋጠሚያ ይታያል፤ አዲሱ ግንብ ከድሮው ጋር አይጠላለፍምና። እዚህ ግን ድንጋዩ ከዳር እስከ ዳር ተጠላልፎ ነው የተገነባው።

"ይሄ መስኮት ከመጀመሪያውም ተከፍቶ አያውቅም" አሉ። ከውጭ ሲያዩት ግን ክፈፍም መስታወትም አለው!

ምሳ ሰዓት ላይ እዚያው ደርቢሻየር ስላለው ሃርድዊክ ሆል አጫወቱኝ። በኋላ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ቤት ከዚያ በፊት አላየሁም። ያሠሩት የሽሩስበሪዋ ባለጸጋ እመቤት ቤስ ናቸው፣ ከ1590 እስከ 1597። ንድፉ የሮበርት ስሚትሰን ነው ይባላል። ያኔ መስታወት እጅግ ውድ ነበር፤ እሳቸው ግን የቤቱን ፊት በመስታወት ሞሉት። "ከግድግዳው መስታወቱ ይበልጣል" የሚባልለትም ለዚህ ነው። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ጣሪያው ከፍ፣ መስኮቱም ረዘም እያለ ይሄዳል። የክብር እንግዳ የሚቀበሉባቸው አዳራሾች ያሉት ላይኛው ፎቅ ነዋ። ግድግዳው ይህን ሁሉ መስኮት ተሸክሞ እንዲቆም፣ ጭስ ማውጫዎቹን ወደ መሃል ግድግዳዎች አስገቧቸው። የድሮ አዳራሽ ከቤቱ ፊት ጋር ጎን ለጎን ተጋድሞ በሩ ወደ አንድ ዳር ይሆን ነበር፤ ስሚትሰን ግን አዳራሹን አዙሮ ከፊት ወደ ኋላ አሳለፈውና በሩ መሃል ላይ ዋለ። ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን ያልተደረገ ነገር የለም። እዚያም የይስሙላ መስኮት አለ። በዚያ ዘመን የውጩ ውበትና የውስጡ አደላደል ሲጋጩ፣ ውጩ ያሸንፋል። እኔ ይህን ማታለል አልለውም፤ ትልቅ ጥበብ ነው። ጥፋቱ ውስጡን ሳይለካ ከውጭ አይቶ ፕላን የሚሥል ሰው ነው።

የእኛን ቤት ድሮ የሠራው ግንበኛ ግን ጭስ ማውጫውን በውጭው ግድግዳ ውስጥ ነበር ያሳለፈው። ቀጭን ካሜራ ከታች ካለው የምግብ አዳራሽ ምድጃ ወደ ላይ ሰደድን። ጥቀርሻ የጠገበው መተላለፊያ በቀጥታ ከ"ስሱ ግድግዳ" ኋላ ያልፋል። ምድጃው ደግሞ በክረምት ለእንግዶች የሚነድ ነው። ያን ግድግዳ በስተን ቢሆን ኖሮ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ መኝታ ክፍሉ የሚገባበት መንገድ ይከፈት ነበር። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ የተኛ ሰው በምን ያውቃል?

ፎርማኑ ወዲያው ሥራውን አስቆመ። ባለቤቱ በመዘግየቱ ተቆጡ፤ ካሜራው ያነሳውን ሲያዩ ግን ዝም አሉ። ቧንቧውን በአሮጌው የአገልጋዮች ደረጃ በኩል ለማሳለፍ አዲስ ፈቃድ ተጠየቀ።

እኔ ያለቀ መስሎኝ ዕቃዬን ስሰበስብ ሽማግሌው ፕላኑን አዞሩት። "ቤቱ ግራና ቀኙ እኩል አይደል? በዚያኛው ክንፍስ?" በዚያኛውም በኩል፣ ልክ ትይዩው ላይ፣ ያው ቀይ መስመር ተሠምሮ ነበር። ካሜራውን ይዘን ሄድን። ከእሱም ኋላ ጭስ ማውጫ አገኘን።