የጥየቃ ዕዳ

መምህር መሆን በክረምት አንድ ችግር አለው፤ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ዘመድም ወዳጅም ሥራ ፈት አድርጎ ይቆጥረኛል። ዓመቱን ሙሉ «ፈተና እያረምሁ ነው» እያልሁ ያሳደርሁት የጥየቃ ዕዳ ሁሉ ባለፈው ሳምንት ባንድ ላይ መጣብኝ፤ ጊዜው ደግሞ የፍልሰታ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ነበርና ቀኑን የምቆጥረው በሰዓት ሳይሆን ከቅዳሴ በፊትና ከቅዳሴ በኋላ እያልሁ ነበር።

ሰኞ ማለዳ ኮምቦልቻ ያለች አራስ ጓደኛዬን ልጠይቅ ተነሣሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ሆኖም ሚኒባሱ እስኪሞላ ብቻ መናኸሪያ ውስጥ አንድ ሰዓት ተቀመጥሁ። ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን» ያለው ስድስት ጊዜ ነው፤ ቆጥሬያለሁ። ሐረጎ ላይ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ሾፌሩ በጠራራ ቀን መብራት አብርቶ እያዘገመ ወረደ። በጾም አራስ ቤት መሄድ ራሱን የቻለ ፈተና መሆኑን የተረዳሁት የገንፎው ቅቤ በሩ ላይ ሲቀበለኝ ነው። ሕፃኑን አቅፌ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ተቀመጥሁ።

ማክሰኞ ከቅዳሴ ስወጣ ጃንጥላዬ የለም። ከጫማዬ አጠገብ ግድግዳው ላይ ያስደገፍሁት ጥቁር ጃንጥላ ነበር፤ በቦታው የቆመው ግን ሁለት ዘንጉ የተሰበረ፣ ጨርቁ ባንድ ጎን የተንጠለጠለ ሌላ ጥቁር ጃንጥላ ነው። በስሕተት የተለዋወጠ እንደሆነ ለማመን ሞከርሁ፤ ነገር ግን የተሰበረ ጃንጥላ ይዞ የመጣ ሰው ሲከፍተው እንደምን አያውቀውም? የደሴ የነሐሴ ዝናብ ደግሞ ለዚህ ዓይነት ጥያቄ ጊዜ አይሰጥም። ቤት ስደርስ ግራ ትከሻዬ ብቻ በስብሶ ነበር።

ረቡዕ ውኃ በፈረቃ የምትመጣበት ቀን ስለነበረ የትም አልሄድሁም። የመጣችው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው።

ሐሙስ ወደ ሐይቅ ከተማ ለቅሶ ለመድረስ ሄድሁ። ያብሮ አደጌ አባት ከሞቱ ሁለት ወር አልፏቸው ነበርና ዘግይቼ በመምጣቴ አፍሬ ገባሁ፤ እናቷ ግን «አብሽሪ የኔ ልጅ፣ ዝናቡ መች መንገድ ሰጠሽ» ብለው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ሙስሊም ናቸው፤ ነገር ግን የፍልሰታን ሰዓት ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ሥኒው ተደርድሮ ጀበናው አልተጣደም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ብቻ «አሁን ቅዳሴሽ ወጥቷል» ብለው ከሰሉን አራገቡት። ወሎ ውስጥ ደግሞ በረካ ሳይጠጣ ከቡና መነሣት ነውር ነው፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ዱዓ ተደርጎበት እስኪያልቅ አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ፤ የደሴ መኪናም ጠፋ። መኪና ስጠብቅ ማዶ ሐይቁና የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ደን ይታየኝ ነበር። እኛ ሴቶች ወደ ገዳሙ ስለማንገባ የማውቀው በሩቁ ነው። አሁን በፍልሰታ ሌሊት የምንቆምበትን፣ ሰዓታት የተባለውን ጸሎት የደረሱት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ እዚያ ሲማሩ ትምህርት አልገባ ብሏቸው እህል እየፈጩ ያገለግሉ እንደነበር ገድላቸው ይናገራል፤ ፊደል ለሚያስቸግራቸው ተማሪዎቼ በየዓመቱ የምተርከው ይህንን ነው። በመጨረሻ ባንድ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተጣብቤ ገባሁ።

ዓርብ እንቅልፍ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ የቡሄ ዋዜማ ነው፤ የሠፈሩ ልጆች ሆያ ሆዬ ሲሉ ባዶ እጄን እንዳልወጣ ለሙልሙል አምስት ኪሎ ዱቄት አቡክቼ ነበር። ሊጡ ኩፍ ብሎ ከሳፋው አፍ ሲደርስ መብራት ሄደ። አንድ ሰዓት ጠበቅሁ፤ ሊጡ ግን አይጠብቅም፣ በሳፋው ጠርዝ ላይ ወደ ወለሉ መውረድ ጀመረ። ሳፋውን ታቅፌ የጎረቤታችንን የእትዬን አጥር አንኳኳሁ። እሳቸው በኤሌክትሪክ ምጣድ አምነው ስለማያውቁ የእንጨት ምድጃቸው ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። «ይኸ ምጣድሽ እኮ የሚሠራው ሥራ ሲጠፋ ነው» እያሉ እሳቱን ቆሰቆሱልኝ፤ በጭስ ዓይናችን እስኪቀላ ድረስ ሁለታችንም ጋገርን። የመጀመሪያዎቹ አራት ሙልሙሎች ከሥራቸው አረሩ። ማታ ዱላቸውን እየመቱ ከመጡት ልጆች መካከል ሁለቱ የእሳቸው የልጅ ልጆች ነበሩና ካረረው አንዱን ሰጥቻቸው ተሣሥቀናል።

እሑድ ለቡሄ ቅዳሴ ስሄድ ያንኑ የተሰበረ ጃንጥላ በዚያው ግድግዳ ላይ አስደገፍሁት፤ ባለቤቱ ካየው ይመልስልኛል ብዬ ነው። ስወጣ እንዳቆምሁት ቆሞ አገኘሁት።