መሶቡን ልተወው ወይስ ልቀጥል?

በ2016 ሚያዝያ ወር ሙሉ የሸጥኩት አንድ መሶብ ብቻ ነው። 4,500 ብር። የሱቁ ኪራይ ደግሞ 6,000 ነበር። በወሩ የመጨረሻ ቀን ማታ ሱቁን ዘግቼ ቤት ስገባ ወስፌዬን ለእናቴ ሰጠኋት። «እማዬ፣ በቃኝ፤ አስቀምጪልኝ» አልኳት። ምንም አልመለሰችልኝም። ተቀብላ ሙዳይዋ ውስጥ ከተተችው።

ስፌትን የተማርኩት ከእሷ ነው። አክርማና ሰንደዶ የሚባሉ ሣሮች ናቸው፤ አክርማው ውስጡን ይሞላል፣ ሰንደዶው ላዩን ይጠመጠማል። ሰንደዶው ቀለም ሲገባ አለላ ይሆናል። በወስፌ ትወጋለህ፣ ጫፉን ታሾልካለህ፣ ሳብ ታደርጋለህ። አሠራሩ ይኸው ነው። ግን ለአንድ መሶብ ይህንን በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ትደግመዋለህ። እንዲህ የለፋህበትን ነገር ማንም ሳያነሳው መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ማየት ያማል።

ሱቁን የከፈትኩት በ2009 ከፋሲል ግቢ ብዙም ሳይርቅ ነው። ያኔ ቱሪስት አይጠፋም። ግቢውን ጎብኝቶ ሲወጣ ትንሽ ሙዳይ ወይም ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰፌድ ይዞ ይሄዳል። በታኅሣሥ 2012 ጥምቀት በዩኔስኮ ሲመዘገብማ፣ ከእንግዲህ የሚያንሰኝ ዕቃ እንጂ ገዢ አይደለም ብዬ ነበር። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ መጋቢት 4 ቀን ኮሮና አገራችን ገባ ተባለ። በጥቅምት 2013 ጦርነቱ መጣ። ትንሽ ተንፈስ ልንል ስንል ደግሞ በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን ግጭቱ ተነሣ። የዚያን ጊዜ ነገር ለጎንደር ሰው መንገር አያስፈልግም።

ወስፌው እናቴ ሙዳይ ውስጥ ከወር በላይ ቆየ። የተሰፋ ዕቃ ስለነበረኝ ሱቁን ወዲያው አልዘጋሁትም። ቁጭ ብዬ ግን ደብተሬን አገላበጥኩ። በ2015 ሚያዝያ አምስት መሶብ ሸጫለሁ፤ በ2016 ሚያዝያ አንድ። ይህን ለእናቴ ሳነብላት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ፋሲካ መቼ ነበር?»

ደነገጥኩ። በ2015 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 8 ነው። በ2016 ግን ሚያዝያ 27። እኛ ዘንድ በጾም ሠርግ አይደገስም፤ ሠርግ ከሌለ ደግሞ መሶብ የሚያዝ የሙሽራ እናት የለችም። እኔ በሁዳዴ ያለፈ ወርን ከፋሲካ ማግስት ጋር ነበር የማወዳድረው! ግንቦት እስኪያልቅ ጠበቅኩና ሁለቱን ወር አንድ ላይ ደመርኩ። በ2015 ዘጠኝ፣ በ2016 ስድስት። ቀንሷል፣ አዎ። አልሞተም ግን። በዕደ ጥበብ የምትተዳደሩ ሁሉ፣ ገበያ ቀዘቀዘ ብላችሁ ከመወሰናችሁ በፊት የጾሙንና የሠርጉን ወቅት እዩ። እኔ በአንድ ወር ሒሳብ ተነሥቼ የእናቴን ሙያ ልጥል ነበር።

ቀጥሎ ዕቃዎቼን ለያየሁ። ለቱሪስት የምሠራቸውን ትንንሾቹን አንድ ገጽ ላይ፣ መሶብና አገልግሉን ሌላ ገጽ ላይ ጻፍኩ። ትንንሾቹ ከመደርደሪያዬ ከግማሽ በላይ ይዘዋል፤ በዓመቱ የወጡት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ድካሙንም አሰላሁት። አንድ መሶብ 18 ቀን ይፈጅብኛል። ቆዳውና ሌላው ቁሳቁስ 900 ብር ያህል ይበላል። የሚተርፈኝ በቀን 200 ብር ነው። ሙዳይዋ ሁለት ቀን ትፈጃለች፣ በ250 ትሸጣለች፣ የ60 ብር ዕቃ አለባት። በቀን 95 ብር ማለት ነው፤ ያውም ከተሸጠች።

ሁለቱም ቁጥር የሚያስጨበጭብ አይደለም። ነገሩ የገባኝ ግን እዚህ ላይ ነው። የመሶብ ደንበኞቼ በመንገድ ሲያልፉ አይተውኝ የመጡ አይደሉም፤ ሰው ነግሯቸው፣ ቤቴን ጠይቀው የመጡ ናቸው። ያንን ሁሉ ኪራይ የምከፍለው ለማይመጣ ሰው ነበር።

በሰኔ አንድ ቀን ወለቃ ሄድኩ። ከከተማው ወደ ሰሜን ሲወጡ ያለችው፣ ቤተ እስራኤሎች ይኖሩባት የነበረችው፣ በሸክላ ሥራ የምትታወቀው መንደር ናት። እዚያ አንዲት ሸክላ ሠሪ አውቃለሁ፤ እሷስ እንዴት ይዛዋለች ብዬ ነው የሄድኩት። ጭቃውን እየዳመጠች ሰማችኝ። ከዚያ፣ «እህቴ፣ ጀበና ይሰበራል፣ ሰው ተመልሶ ይመጣል። ያንቺን መሶብ ግን ልጅ ይወርሰዋል። አንዴ የገዛሽ መቼ ይመለሳል?» አለችኝ። ይህ ሐሳብ በመንገዴ ሁሉ አልለቀቀኝም።

መልሱ በሳምንቱ በእግሩ መጣ። አንዲት ሴት አሮጌ መሶብ በነጠላ ጠቅልላ ይዛ ገባች። የሟች እናቷ ነው። ግርጌው እርጥብ ወለል ላይ ሲቀመጥ ኖሮ ተበልቷል፣ የክዳኑ ጠርዝ ተፈትቷል፣ ቆዳው ተሰነጣጥቋል። «ይጠገናል ወይ?» አለችኝ። ገልብጬ አየሁት። ዙሩን በጣቴ ጫንኩት፤ ንቅንቅ አይልም። ሠላሳ ዓመት እንጀራ የያዘ መሶብ እንደ ጣውላ ጠንክሯል። ከመደርደሪያ የራሴን አንሥቼ ጫንኩት። እሺ ብሎ ገባ።

አፈርኩ። መቼ ነው እጄን ያላላሁት? ቱሪስት መሶብ ውስጥ እንጀራ አያስቀምጥም፣ ስለዚህ ዙሩን በጣቱ የሚጫን የለም። ቶሎ ለመጨረስ ስል አክርማውን እያወፈርኩ፣ ጥምጥሙን እያራራቅኩ ሄጃለሁ። የአገሬ እናቶች ግን ይጫኑታል። አንዳንዶቹ ነካ ነካ አድርገው ሳይገዙ ሲሄዱ ዋጋው ከብዷቸው ይመስለኝ ነበር። ገበያው መቀዝቀዙ እውነት ነው፤ የእኔም እጅ ድርሻ ነበረው።

ማታውን ወስፌዬን ከእናቴ ለመንኩ። ስታወጣው በጨርቅ ጠቅልላው ነበር፤ ጫፉንም አስላዋለች። «አውቅ ነበር» አላለችም። «እንዳይወጋሽ» ብቻ አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ለራሴ ቀጠሮ ቆረጥኩ። እስከ ጥር 2017 መጨረሻ እሠራለሁ። ከቁሳቁስ ወጪ በኋላ በወር በአማካይ 2,500 ብር ካልተረፈኝ ለገበያ መስፋት አቆማለሁ፤ ለቤቴ ብቻ እሰፋለሁ። ቁጥሩን ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። እንዲህ ያደረግሁት ስሜቴን ስለማውቀው ነው። አንድ መሶብ ሲሸጥ ሁለት ሱቅ ልከፍት እነሣለሁ፤ ሳምንት ባዶ ሲሆን ሁሉንም ልጥል እነሣለሁ። በእንደዚያ ያለ ልብ አይወሰንም።

ሱቁን ለቀቅኩ። አከራዬ ደግ ሰው ናቸው፤ «ልጄ፣ ሲቀናሽ ተመለሽ» ብለው ሸኙኝ። ቁልፉን ስሰጣቸው አለቀስኩ። ሥራውን ቤት አዞርኩት። ትንንሾቹን የግድግዳ ጌጦች ተውኳቸው፤ ሙዳይ የምሰፋው ሲታዘዝ ብቻ ሆነ። አሮጌ መሶብ እጠግናለሁ ብዬ ለዕድርተኞች፣ ለጽዋ ማኅበርተኞች ነገርኩ፤ ፎቶም ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩ። ጥገና ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጃል፣ ቁሳቁሱ ትንሽ ነው፣ በቀን ሲሰላ ከአዲሱ መሶብ የተሻለ ያስገኛል። ደግሞ ሊያስጠግን የመጣ ሰው ለልጁ ሠርግ አዲስ ያዛል።

ሁሉ ነገር ቀና ማለቴ አይደለም። በሐምሌ 2016 የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ቀለሙ ተወደደብኝ፤ ዋጋ ለመጨመር ሁለት ወር አመነታሁ፣ ኪሳራውን በላሁት። ለኅዳር የታዘዘ መሶብ ደግሞ ሠርጉ ተላለፈና እጄ ላይ ቀረ። ሙሽራዋ በመረጠችው ቀለም ነበር የሰፋሁት፣ ሌላ ሰው አልወደደውም። ቀብድ መቀበል አሳፍሮኝ ነበር። አሁን ግማሹን ሳልቀበል አለላ አልነክርም። የሚቀየም አላጋጠመኝም።

ጥር አለቀ። ሂሳቡን ሠራሁ፤ በአማካይ 3,100 ብር። የጥምቀትና የሠርጉ ሰሞን ነው ከፍ ያደረገው፤ ጥቅምት ላይ 900 ብር ብቻ ነበር የተረፈኝ። ቀጠልኩ። ግን በስፌት ብቻ እኖራለሁ አልልም። ሽሮና በርበሬ እያዘጋጀሁ እሸጣለሁ፤ የልጄን የትምህርት ቤት ወጪ የሚሸፍነው እሱ ነው። ስፌቱን ከዚህ ጭንቅ ማውረዴ እጄን መልሶ አጠበቀልኝ። መቸኮሉ ቀረ።

ቁጥሩ 2,500 ሳይሞላ ቢቀር ኖሮ አቆም ነበር፤ ይህንንም ከልቤ ነው የምለው። ያቆሙ ጓደኞች አሉኝ። አንዷ እንጀራ ትሸጣለች፣ ደህና ትኖራለች፤ ሙያዋን የከዳች አይደለችም።

የዚያች ሴት የእናቷ መሶብ ተጠግኖ ከሄደ ቆይቷል። አሁን ደግሞ ለልጇ ሠርግ በዚያው አምሳያ አዲስ አዛለች፤ ቀብዷንም ከፍላለች። ሰንደዶው ውሃ ውስጥ ነው፣ ሲለሰልስ እቀጥላለሁ። ቅዳሜ ልታየው ትመጣለች። ክዳኑ አራት ዙር ይቀረዋል።