ቴሌቪዥኑና ሆም ቲያተሩ ተግባቡ፦ የሦስት ሳምንት የገመድ ትምህርት

ሰላም ወዳጆች። ሆም ቲያተሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር ማገናኘት ከጀመርኩ ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ትናንት ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሙሉ ፊልም ምስሉም ድምፁም ሳይቆራረጥ አየን። ገመድ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ሳይረሳኝ ልጻፍላችሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት በድምፅ ጣጣ አለቀ። ቴሌቪዥኑን ከአምፕሊፋየሩ ጋር ያገናኘሁት በኦፕቲካል ገመድ ነበር፤ ያቺ ጫፏ ላይ ቀይ ብርሃን የሚታይባት ቀጭን ገመድ። ቶሺባ በ1983 ያወጣት ናት፣ ዛሬም አገልግሎቷን አልተወችም። ድምፁ በብርሃን ስለሚሄድ ያ የሚያጉረመርም የኤሌክትሪክ ድምፅ አይገባበትም። አቅሟ ግን ውስን ነው። ያልታመቀ ድምፅ በ2 ቻናል (ግራና ቀኝ)፣ ወይም ዶልቢ ዲጂታልና ዲቲኤስ የሚባሉትን የታመቁ የድምፅ ዓይነቶች በ5.1 (አምስት ስፒከርና አንድ የቤዝ ስፒከር)፣ ከዚያ አታልፍም። ጥራቱ ሳይቀነስ የሚታመቀውን ዶልቢ ትሩኤችዲን አትሸከምም። የአምፑንም ድምፅ በቴሌቪዥኑ ሪሞት መቀነስ ስላልቻልኩ ምስልና ድምፅ አብሮ ወደሚወስደው ገመድ፣ ወደ ኤችዲኤምአይ ዞርኩ።

እዚህ ላይ ሁለት ማታ ሙሉ ተንገላታሁ። ከማጫወቻው የሚመጣው ነገር ሁሉ ደህና ነው፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ያሉትን መተግበሪያዎች ስከፍት ግን ስፒከሮቹ ጭጭ ይላሉ። ሴቲንግ ውስጥ ያልነካሁት ነገር አልነበረም። ለካ ገመዱን የሰካሁት በተሳሳተው ቀዳዳ ነው! ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ካሉት የኤችዲኤምአይ መሰኪያዎች ብዙ ጊዜ አንዱ ላይ ብቻ ኤአርሲ (ARC) ወይም ኢኤአርሲ (eARC) ተብሎ ይጻፋል፤ አምፑም ላይ እንዲሁ፣ ምስል በሚወጣበት መሰኪያ በኩል። ኤአርሲ ማለት ምስሉን ወደ ቴሌቪዥኑ የወሰደው ያው ገመድ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይዞ ይመለሳል ማለት ነው። በ2009 ከኤችዲኤምአይ ስሪት 1.4 ጋር መጣ። ኢኤአርሲ ደግሞ በ2017 ከስሪት 2.1 ጋር። ልዩነታቸው ቀላል አይደለም፤ የመጀመሪያው በሰከንድ 1 ሜጋቢት ገደማ ሲያሳልፍ ሁለተኛው 37 ገደማ ያሳልፋል፣ ትሩኤችዲም በሱ ያልፋል።

ቀዳዳው ከተስተካከለ በኋላ ሁለት ነገር ቀረ። ሲኢሲ የሚባለውን፣ አንዱን ዕቃ በሌላው ሪሞት ለማዘዝ የሚያስችለውን፣ በሁለቱም ላይ ማብራት (እያንዳንዱ አምራች የራሱን ስም ስለሚያወጣለት ፈልጉት)፣ ከዚያ የቴሌቪዥኑን የድምፅ መውጫ ከፒሲኤም (ያልታመቀ ድምፅ) ወደ አውቶ መቀየር። የኔ ፒሲኤም ላይ እያለ 5.1 የሆነውን ሁሉ ወደ 2 ቻናል እያወረደው ነበር።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ የምስሉ ጣጣ ጀመረ። 4ኬ ፊልም በኤችዲአር (ብሩሁንና ጨለማውን ለይቶ በሚያሳየው ምስል) ስከፍት በየጥቂት ደቂቃው ስክሪኑ ለሁለት ሰከንድ ይጠፋና ይመለሳል፣ አንዳንዴ ነጫጭ ነጥቦች ብልጭ ብልጭ ይላሉ። ቴሌቪዥኑ የተበላሸ መስሎኝ ለጥገና ልወስደው ነበር፣ ግን ከመውሰዴ በፊት ገመዱን በሌላ አጭር ገመድ ቀየርኩት፣ ወዲያው ተወው። የድሮው 7 ሜትር ነበር፣ ያውም ሃይ ስፒድ የሚባለው፣ በሰከንድ 10.2 ጊጋቢት የሚችል። 4ኬ በ60 ሄርዝ (በሰከንድ 60 ምስል) ከኤችዲአር ጋር ከዚያ ያልፋል፣ እስከ 18 ሊደርስ ይችላል። ለዚህ ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ አለ። 48 ጊጋቢት የሚሸከመው አልትራ ሃይ ስፒድ ነው፤ 4ኬን በ120 ሄርዝ ለሚጫወቱ ይሄ ያስፈልጋል፣ ማሸጊያው ላይም በስልክ ስካን አድርጋችሁ እውነተኛነቱን የምታረጋግጡበት ምልክት አለው። ስለዚህ ስትገዙ ገመዱ ላይ 2.0 ወይም 2.1 የሚለውን ትታችሁ የምድቡን ስም አንብቡ።

ርዝመት በጣም ወሳኝ ነው። እኔ መደርደሪያውን አስጠግቼ በ2 ሜትር ጨረስኩት። 10 ሜትር የግድ ከሆነባችሁ ውስጡ ኦፕቲካል የሆነ ኤችዲኤምአይ አለ፤ አንዱ ጫፍ ለምንጩ፣ ሌላው ለስክሪኑ ስለሆነ ከተገለበጠ አይሠራም። በወርቅ የተለበጠ ጫፍ ዝገት ይከላከላል እንጂ ምስል አያሳምርም፣ ለሱ ብላችሁ ብዙ ገንዘብ አታውጡ።

የስፒከር ሽቦ ቀላል ነው፣ ቀዩና ጥቁሩ እንዳይገለበጥ ብቻ። የግራው ተገልብጦብኝ ቤዙ ጠፍቶ ነበር፣ የሰው ድምፅም ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም ነበር። ሽቦው ላይ ያለው መስመር የትኛው ጎን እንደሆነ ይነግራችኋል። የሽቦ ቁጥር (የውፍረቱ መለኪያ፣ AWG) ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራል፤ ለፊተኞቹ 16፣ ራቅ ላሉት ለኋለኞቹ 14 ወሰድኩ።

የኋለኞቹ ሽቦ ገና መሬት ላይ እንደተዘረጋ ነው፣ በዚህ ሳምንት በግድግዳው ጠርዝ አስጠግቼ አስይዘዋለሁ። ጠፍጣፋውን የስፒከር ሽቦ ምንጣፍ ሥር አስገብቶ የሞከረ ካለ እንዴት እንደሆነለት ይንገረኝ።