ስህተቷን አታርሙብኝ

ልጄ ሁለት ዓመቷ ላይ «አባዬ ና» ትለኝ ነበር፤ ጥርት አድርጋ። ሦስት ካለፋት በኋላ ግን «አባዬ ምጣ» ማለት ጀመረች። ዘመድ ሁሉ ሊያርማት ተሻማ። «ምነው ይቺ ልጅ፣ ወደ ኋላ ሄደች እንዴ?» ያለም አልጠፋ። እኔ በሆዴ እልል ነው ያልኩት።

እስቲ በእሷ ቦታ እንሁን። «አትሂድ» ካለ «ሂድ» አለ። «አትብላ» ካለ «ብላ» አለ። «አትምጣ» ካለስ? «ምጣ» ነዋ! ማንም አላስተማራትም። ከእኛ ከትልልቆቹ አፍም ሰምታው አታውቅም። ራሷ ቆርጣ ራሷ የሰፋችው ቃል ነው። ሁለት ዓመቷ ላይ «ና»ን የያዘችው እንዳለ ሸምድዳ ነው። አሁን ግን ሕጉን አገኘችው፤ ሕግ ያገኘ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ላይ በየቦታው ይተገብረዋል። ጥፋቱም የእሷ ሳይሆን የአማርኛ ነው። በሌሎች ቋንቋዎችም ልጆች እንዲሁ ያደርጋሉ። መጀመሪያ በትክክል ይላሉ፣ ከዚያ ይሳሳታሉ፣ ኋላ ደግሞ ይስተካከላሉ። መሃል ላይ ያለው ስህተት ነው እድገቱ።

በፈረንጆቹ 1958 ጂን ቤርኮ የምትባል ተመራማሪ ይህንን በሥዕል ፈትናዋለች። በዓለም ላይ የሌለ ፍጥረት ሣለችና «ይሄ ዋግ ነው» ብላ ለሕፃናት አሳየች። ቀጥላ ሁለቱን አንድ ላይ ስታሳያቸው አብዛኞቹ በእንግሊዝኛው የብዙ ቁጥር ሕግ መጨረሻው ላይ «ዝ» ጨምረው «ዋግዝ» አሉ። ቃሉን ከዚያ በፊት ሰምተውት ስለማያውቁ መኮረጅ ነው ማለት አይቻልም።

የልጆችን ስህተት በቁም ነገር ከያዙት ሰዎች አንዱ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ ነው። በ1905 ፓሪስ ውስጥ ቢኔ እና ሲሞን የልጆችን የማሰብ ችሎታ የሚለካ ፈተና አውጥተው ነበር። ወጣቱ ፒያዤም ኋላ እዚያው ፓሪስ ውስጥ በእንዲህ ያሉ ፈተናዎች ላይ ይሠራ ነበር። እሱን የሳበው ግን ነጥቡ አልነበረም። በተቀራራቢ ዕድሜ ያሉ ልጆች ተመሳሳይ ስህተት ይሠራሉ፤ ለምን? ይቺን «ለምን» ይዞ ዕድሜውን ሙሉ ሠራባት። ፈተናው «ተሳስቷል» ብሎ የሚያልፈው ቦታ ላይ እሱ ቁጭ ብሎ ይጠይቅ ነበር።

የእሱን የታወቀ ሙከራ እኔም ቤት ውስጥ ሞክሬዋለሁ። ልጄ አሁን አራት ዓመቷ ነው። ሁለት እኩል ብርጭቆ፣ እኩል ውሃ። «እኩል ናቸው?» «አዎ።» አንዱን ዓይኗ እያየ ቀጭንና ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ገለበጥኩት። «አሁንስ?»

«ይሄኛው ይበዛል።» ጣቷ ረጅሙ ላይ ነው።

«ለምን?»

«ከፍ ብሏላ!»

ስምንት ዓመት የሆነው ወንድሟ ከት ብሎ ሳቀ። «ኧረ ያው ነው! ምንም አልተጨመረበትም እኮ። መልሰሽ ብትገለብጪው ልክ ይሆናል።» ፒያዤ ቢሰማው ደስ የሚለው መልስ ነው። ትንሿ ከፍታውን ብቻ ነው ያየችው። ትልቁ ግን የተደረገውን በሐሳቡ ወደ ኋላ መመለስ ችሏል። ፒያዤ እንዲህ ያለው አስተሳሰብ ወደ ሰባት ዓመት ግድም እንደሚመጣ ጽፏል።

በነገራችን ላይ ፒያዤን ያረሙትም አሉ። በ1974 ማክጋሪግል እና ዶናልድሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እኩል ዕቃ በተደረደረባቸው ሁለት ረድፎች ተመሳሳይ ሙከራ ሠሩ። ልዩነቱ፣ ድርድሩን የሚያበላሸው ትልቅ ሰው ሳይሆን «ባለጌ» የተባለ አሻንጉሊት ድብ ነው። ትክክል የመለሱት ልጆች ቁጥር ከፍ አለ። ምክንያቱ አይጠፋም። ትልቅ ሰው ሆን ብሎ አንድ ነገር ቀይሮ ያንኑ ጥያቄ ሲደግምልህ፣ ሌላ መልስ የፈለገ ይመስልሃል። ይሄ ደግሞ ሌላ ዓይነት ብልህነት ነው፤ የሰው ፊት ማንበብ። ለእኔ የፒያዤ ጥያቄ ከመልሶቹ ይበልጣል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ልጆቼ ስለማያስታውሱት ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያ ትዝታው ከሦስት ዓመት ወዲህ ነው። ሕፃናት ግን ማስታወስ አቅቷቸው አይደለም። ፓትሪሻ ባወር እና ማሪና ላርኪና የተባሉ ተመራማሪዎች የሦስት ዓመት ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር ስለ ቅርብ ጊዜ ገጠመኞቻቸው ሲያወሩ ቀድተው፣ ከዓመታት በኋላ መልሰው ጠየቋቸው። እስከ ሰባት ዓመት ያሉት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነውን አስታወሱ። ስምንትና ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ግን ያስታወሱት ከ40 በመቶ በታች ነው። ትዝታው ነበረ፤ ልጅነቱ ሳያልቅ ነው የሚሸሸው።

ወንድምየውም አራት ዓመቱ ላይ በውሃው ተሸውዶ ነበር። ነገርኩት። «እኔ? በጭራሽ!» አለ። ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮውን አሳየሁት። ያው እሱ፣ ያው ረጅም ብርጭቆ፣ ያው «ይሄኛው ይበዛል»። ደግሞ አየው። ትንሽ አሰበና፦

«እየቀለድኩ ነበር እኮ» አለኝ።