መቶ ውስጥ መቶ ሦስት

ከ1 እስከ 100 ካሉት ቁጥሮች ለ2፣ ለ3 ወይም ለ5 የሚካፈሉት ስንት ናቸው? ማታ የእህቴ ልጅ 50፣ 33 እና 20 ደምሮ 103 አወጣ። ከ100 ውስጥ 103! ራሱም ሳቀ።

«6ን እኮ በ2ም በ3ም በኩል ቆጥረኸዋል» አልኩት። ለ6 የሚካፈሉትን 16፣ ለ10 የሚካፈሉትን 10፣ ለ15 የሚካፈሉትን 6 ቀነሰ፤ 71 ቀረ።

ነገሩ የሚጥመው እዚህ ጋ ነው። 30ን ሦስቴ ቆጠርናት፣ ሦስቴ ቀነስናት፤ ጭራሽ ከመዝገብ ወጣች! 60 እና 90ም እንደዚያው። ሦስቱን ስንመልስ 74። (ይህን ሳያሳዩ ቀመሩን ብቻ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማለፍ ግፍ ነው።)

«ጋሼ፣ 7 ቢጨመርስ?» አለኝ። እራቱ ቀዘቀዘ እንጂ 78 ላይ ደርሰናል። እስቲ እናንተም ሞክሩት።